ከወደቀ በኋላ መቆጣጠሪያውን መልሶ ስለመያዝ፦ ሁለት ጊዜ ሜዳ ደርሼ ሳላበር ተመለስኩ

ባለ ቨርጂኒያው፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን ጉዳይ ዛሬ ላካፍላችሁ ወደድኩ። በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ማብረር የጀመርኩት ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ነው። አውሮፕላኔ ከፎም የተሠራ፣ ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1.5 ሜትር የሚሆን የጀማሪዎች አውሮፕላን ሲሆን፣ ከነባትሪው 1.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እስከ አደጋው ቀን ድረስ ወደ አርባ ጊዜ ያህል ያበረርኩ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት በረራዎች ያለ አሰልጣኝ ብቻዬን ፈጽሜ ነበር።

በዚያ ቀን ነፋሱ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለማሳረፍ ወደ ግራ እያዞርኩት ሳለ፣ ከመሬት አሥራ አምስት ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ፣ ግራ ክንፉ በድንገት ወደ ታች ወረደ። መቆጣጠሪያውን ወደ ቀኝ ብገፋውም ከቁጥር አልቆጠረኝም፤ እንዲያውም ይባሱን ዞረ። ከዚያ የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ የነበሩ ሰዎች ሁሉ «ሬዲዮው ተቋርጦብህ ነው» አሉኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። በሦስት ቀን ውስጥ ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ ጠገንኩት፣ ከመቆጣጠሪያው የሚመጣውን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨርም አውጥቼ በአዲስ ቀየርኩት።

ችግሬ የሚጀምረው ከጥገናው በኋላ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ 15 ማይል ያህል የሚሸፍነው ቀለበት ለሞዴል በረራ የተከለከለ ስለሆነ፣ እኛ የምንጠቀምበት ሜዳ ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ይህንን መንገድ ነድቼ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከመኪናዬ ወርጄ ክንፉን እንኳ ሳልገጥም ተመለስኩ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ምሳዬን በልቼ፣ የሌሎችን በረራ ተመልክቼ፣ ለባለቤቴ «ነፋስ ነበር» ብዬ ዋሸሁ። እጄ መቆጣጠሪያውን ሲነካ ይንቀጠቀጣል። የረጅም ጊዜ ምኞቴ እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ፣ በጣሊያኖች ተወስዳ፣ በጥር 2024 ወደ አገሯ የተመለሰችውን «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በሞዴል መልክ ሠርቶ ማብረር ነበር። የገዛሁት የባልሳ እንጨት ግን እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም። እናንተ ከአደጋ በኋላ እንዴት ተመለሳችሁ?

ከደንቨር፦

ወንድሜ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆነብህ እንጂ ያንተ ጉዳይ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ነገ ሂድና አብር። እኔ የመጀመሪያውን አውሮፕላኔን ዛፍ ላይ ሰቅዬ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬን ተውሼ አብርሬያለሁ። በቆየህ ቁጥር ፍርሃቱ ሥር ይሰዳል። ስድስት ሳምንት እጅግ በዝቷል። የፎም አውሮፕላን ለመውደቅ የተሠራ ነው፤ ሰው አልተጎዳ፣ መኪና አልተመታ፣ ምን ቀረብህ?

የጥንቱ መካኒክ፦

ልጄ፣ ከመመለስህ በፊት አንድ ነገር እንነጋገር። እኔ በቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት በምንላት ከተማ፣ በአየር ኃይሉ የአውሮፕላን ጥገና ላይ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን በጡረታ ሜሪላንድ ከልጆቼ ጋር ሆኜ ትናንሾቹን አበራለሁ። በሥራዬ ዘመን የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ አውሮፕላን በወደቀ ጊዜ ከፍርስራሹ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬ መሆኑን ነው። «ሬዲዮው ተቋርጦ ነው» የሚለውን የነገሩህ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ሊያጽናኑህ ፈልገው ነው። ነገር ግን መጽናኛና ምክንያት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ የምታስታውሰውን ያህል ሳይሆን የሆነውን ያህል መልስልኝ። ማዞር ከመጀመርህ በፊት አውሮፕላኑ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ነበር ወይስ ከፊቱ? ስሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል፣ የቀነስከው የት ላይ ነው? አፍንጫውን ለማቃናት ኤለቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል) እየሳብክ ነበር? መውደቅ ሲጀምር ሞተሩ ይሰማ ነበር ወይስ ጸጥ ብሎ ነበር? በመጨረሻዋ ቅጽበትስ ስሮትሉን ነካኸው? መሬት ላይ ወድቆ ስታነሣው ኤይለሮኖቹ (አውሮፕላኑን የሚያጋድሉት የክንፍ ክፍሎች) እና ራደሩ (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚመራው የጅራት ክፍል) ለመቆጣጠሪያው ይታዘዙ ነበር?

ባለ ቨርጂኒያው፦

ጋሼ፣ ስለ ጥያቄዎችዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመመለሴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ አሰብኩበት። ነፋሱ ከኋላው ነበር። አውሮፕላኑ በጣም የፈጠነ ስለመሰለኝና ሜዳውን አልፎ እንዳይሄድ ስለሰጋሁ ስሮትሉን ከመታጠፌ በፊት ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። ስታጠፍ አፍንጫው ወደ ታች ሲያዘነብል ኤለቬተሩን ሳብኩ፤ ምን ያህል እንደሳብኩ አላውቅም። ሞተሩን በተመለከተ ግን እርስዎ እስኪጠይቁኝ ድረስ ጨርሶ ረስቼው የነበረ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመጨረሻው ሰከንድ ደንግጬ ስሮትሉን እስከ ጫፍ ገፍቼው ነበር፤ ሞተሩም መሬት ከመምታቱ በፊት ጮኸ። ካነሣሁት በኋላም ኤይለሮኖቹ ይታዘዙኝ ነበር።

የጥንቱ መካኒክ፦

የተቋረጠ ሬዲዮ ሞተር አያስጮኽም።

አብዛኛው ሪሲቨር ግንኙነቱ ሲጠፋ ሞተሩን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። ስሮትሉን ስትገፋ ሞተሩ ከመለሰልህ፣ ከመቆጣጠሪያህ የወጣው ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ይደርስ ነበር ማለት ነው። መቆጣጠሪያህ እንደ ኤጅቲኤክስ ባለ ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነና ምዝገባውን ቀድመህ ከፍተኸው ከነበረ፣ በኤስዲ ካርዱ ላይ የምልክቱ ጥንካሬና የጣትህ እንቅስቃሴ በየቅጽበቱ ተጽፏል። አውጥተህ ተመልከተው።

ከደንቨር፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ሰውየው ቀድሞውኑ ፈርቷል፤ አሁን ደግሞ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብንለው ጨርሶ ያቆማል። ሬዲዮ ነው ብሎ ቢያምን ምን ይጎዳዋል? ሪሲቨሩን እንደሆነ ቀይሮታል።

የጥንቱ መካኒክ፦

ቀይሮታል፤ ግን አላበረረም። ይህንን እንዴት ታየዋለህ? ጥፋቱ የሪሲቨሩ መሆኑን ቢያምን ኖሮ አዲሱ ሪሲቨር በገባ ማግሥት ሜዳ ላይ ይገኝ ነበር። እጁ የሚያውቀውን ነገር አፉ ሌላ ስም ስለሰጠው ነው የሚንቀጠቀጠው።

ከሙኒክ፦

ጤና ይስጥልኝ። በክርክሩ ውስጥ ሳልገባ ስለ አውሮፕላኑ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ አብራሪው ስናወራ የተጠገነው አውሮፕላን በራሱ ለመብረር ብቁ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። እኔ በክለባችን ውስጥ ጀማሪዎችን ሳስተምር፣ ከአደጋ በኋላ ያለው የመጀመሪያው በረራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በፍርሃት ሳይሆን ጥገናው ባመጣው ለውጥ መሆኑን ታዝቤአለሁ።

ወንድሜ፣ ኢፖክሲው የገባው የት ላይ ነው? ጅራቱ አካባቢ ከሆነ የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን ላይ የስበት ማዕከሉ መቀመጥ ያለበት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነሥቶ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 30 በመቶው ላይ ነው። ወደ ኋላ በሸሸ መጠን አፍንጫው ለኤለቬተር ከልክ በላይ ይታዘዛል፤ ክንፉም ሳታስበው አየሩን ይለቃል፣ ማለትም አውሮፕላኑን መሸከም ያቆማል። ባትሪውን አስገብተህ በሁለት ጣትህ ከክንፉ ሥር አንሣው፤ ጅራቱ ወደ ታች ካዘቀዘቀ አታብረው። ክንፉና ጅራቱ ትይዩ መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ከእያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ በክር ለካ፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ፕሮፔለሩን አውልቀህ ሞተሩን በማዞር የሞተሩ ዘንግ አለመጉበጡን ተመልከት። ሰርቮዎቹን፣ ማለትም የክንፉንና የጅራቱን ክፍሎች የሚያንቀሳቅሱትን ትናንሽ ሞተሮች፣ አንድ በአንድ በቀስታ አንቀሳቅስና ድምፃቸውን ስማ፤ ጥርሱ የተሰበረ ሰርቮ መሬት ላይ የሚሠራ መስሎ አየር ላይ ይከዳል።

ባትሪውስ? ከወደቀው አውሮፕላን ውስጥ የነበረውን ሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) መልሰህ እየሞላኸው ከሆነ እባክህ ዛሬውኑ አቁም። ያበጠ ወይም የተጨፈለቀ ሊፖ ባትሪ ከቀናት በኋላም ሊቀጣጠል ስለሚችል ከቤት ውጪ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ መቀመጥና ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ መሄድ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ለመቆጠብ መሞከር ጋራዥ ያስከፍላል።

ባለ ቨርጂኒያው፦

እህቴ፣ የተናገርሽው ሁሉ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ኢፖክሲውን በብዛት የተጠቀምኩት ጅራቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነበር፤ ስለካው የስበት ማዕከሉ ቀድሞ ከነበረበት 9 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል። ባትሪውን ወደ ፊት በመግፋት አስተካከልኩት። የዚያን ቀኑ ባትሪ አንዱ ጎኑ ትንሽ አብጦ ስላገኘሁት አስወግጄዋለሁ። በሁለቱ ጉዞዎቼ አብርሬው ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ሁለተኛው አደጋ የመጀመሪያውን ባስረሳኝ ነበር።

ጋሼ፣ ምዝገባው ተከፍቶ ነበር። ትናንት ማታ ፋይሉን ኮምፒዩተር ላይ ከፍቼ አየሁት። የምልክቱ ጥንካሬ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ከማስጠንቀቂያው በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ስሮትሉ ለአራት ሰከንድ ያህል ዜሮ ላይ ነው። ኤለቬተሩ ደግሞ፣ እኔ «ትንሽ ሳብኩ» ብዬ የማስታውሰው ኤለቬተር፣ እስከ ጫፉ ተስቧል።

የእኔ ጥፋት ነበር። ይህንን ስጽፍ የሚሰማኝ ነገር የጠበቅኩት አይደለም። ሐፍረት ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

የጥንቱ መካኒክ፦

ይወስድሃል እንጂ። መቼና የት እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር ከሆነ የሚገድልህ፣ ሰማይ በሙሉ ጠላትህ ይሆናል። አሁን ግን ጠላትህ አንዲት መታጠፊያ ናት።

የሆነውን በቁጥር ላስረዳህ። በሰጠኸው ክብደትና በክንፉ መጠን ስገምት፣ ያንተ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ሲበር ስቶል የሚያደርገው፣ ማለትም ክንፉ አየሩን የሚለቀው፣ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። 45 ዲግሪ አጋድለህ ከፍታህን ሳትለቅ ስታዞረው ክንፉ የሚሸከመው ጭነት ስለሚጨምር ስቶሉ በ19 በመቶ ከፍ ይልና 31 ላይ ይመጣል፤ 60 ዲግሪ ብታጋድለው ደግሞ በ41 በመቶ አድጎ ወደ 37 ይደርሳል። አሁን ነፋሱን ጨምርበት። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በ28 እየሄደ፣ ነፋሱ ከኋላ 19 ሲጨምርለት፣ መሬት ላይ ቆመህ የምታየው 47 ነው። ዓይንህ «በረረ» ይልሃል፤ ክንፉ ግን «ልወድቅ ነው» እያለ ነው። አንተ ያመንከው ዓይንህን ነው። ስሮትሉን ዘጋህ፣ አጋደልክ፣ አፍንጫው ሲወርድ ሳብክ። ግራ ክንፉ ቀድሞ አየሩን ሲለቅ ኤይለሮኑን ወደ ቀኝ መግፋትህ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፤ ኤይለሮኑ ወደ ታች የሚታጠፈው በዚያው በለቀቀው ክንፍ ላይ ስለሆነ ይበልጥ እንዲለቅ ያደርገዋል። «ከቁጥር አልቆጠረኝም» ያልከው ይህ ነው። እንዲያውም በትክክል ታዞሃል።

ከደንቨር፦

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ በ14 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ስቶሉም በዚያው ልክ 8 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ከአትላንታ ስዛወር ይህንን ሳላውቅ እንደ ለመድኩት ለማሳረፍ ሞክሬ ሁለት አውሮፕላን አጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ምክንያቱን ሳልፈልግ ወዲያው አበረርኩ። ዛፍ ላይ ስለሰቀልኩት ስጽፍ ጀግንነት አስመስዬዋለሁ፤ የሁለተኛውን ግን አልነገርኳችሁም። ነገ ሂድ ያልኩትን ምክር በዚህ ላይ ጨምራችሁ አንብቡልኝ።

ሲሙሌተር ብቻ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ ያለ ፈቃድ ማብረር ስለማይቻል፣ ፈቃዱም ስላልተሳካልኝ፣ አውሮፕላኔ በሙሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። በሲሙሌተር ላይ በቀን ሠላሳ ጊዜ እወድቃለሁ፤ ቁልፍ ስነካ መልሶ ይነሣል። ስለዚህ ፍርሃትን ያክማል ብዬ አልዋሽም፤ የማይከፈልበት ውድቀት ልብን አያስተምርም። ነገር ግን ለጣት ይጠቅማል። ባለ ቨርጂኒያው ሆይ፣ ነፋሱን 19 ላይ አድርግ፣ ያቺኑ የግራ መታጠፊያ ውሰድ፣ ሆን ብለህ ስሮትሉን ዝጋና ሳብ። ጋሼ እንደጻፉት በትክክል ግራ ክንፉ ይወርዳል። ከዚያ ተቃራኒውን ልመድ፤ ኤለቬተሩን ልቀቅ፣ ስሮትል ስጥ፣ ክንፉ አየሩን ሲይዝ ብቻ አቃና። እኔ የጋሼን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ማታ ሃምሳ ጊዜ ሞከርኩት። አሥራ አምስት ሜትር ላይ አንድም ጊዜ አልተሳካልኝም፤ ሠላሳ ሜትር ላይ ግን ሁልጊዜ ተሳክቶልኛል።

ከሙኒክ፦

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከሁላችንም ምክር ይበልጣል። ለመጀመሪያው በረራ የምጨምረው የሚከተለውን ነው። በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ሂድ። ከአሰልጣኝህ ጋር ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች አገናኙ፤ አሰልጣኙ አንዲት ማብሪያ ሲለቅ አውሮፕላኑ በእሱ እጅ ይሆናል። ይህንን እንደ ውርደት የሚያዩ ብዙ አዋቂ ወንዶች ገጥመውኛል፤ የሚሰብሩትም አውሮፕላን ብዙ ነው። በዚያ ቀን ከሁለት ባትሪ በላይ አትጠቀም፤ ሦስተኛው ላይ እጅ ይደክማል፣ ድፍረት ግን ይጨምራል።

ባለ ቨርጂኒያው፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ እንደሚከተለው ሪፖርቴን አቀርባለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ ደረስኩ። አሰልጣኜ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው፤ ምዝግቡን አሳየኋቸው። «ሬዲዮ ነው» ካሉኝ ሰዎች አንዱ እሳቸው ስለነበሩ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ሳቁ፤ እሳቸውም በዚያችው መታጠፊያ ሦስት አውሮፕላን እንደቀበሩ ነገሩኝ። ለስድስት ሳምንት ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር!

ያነሡት እሳቸው ናቸው። ወደ መቶ ሜትር ካወጡት በኋላ ለእኔ አስተላለፉልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አልደብቅም። ሆኖም መንቀጥቀጡ ወደ አውሮፕላኑ አልደረሰም፤ የመቆጣጠሪያውን ምላሽ መሐሉ ላይ ለስለስ እንዲል በ30 በመቶ አስተካክዬው ስለነበር ይሆናል። ከዚያ የመጣሁበትን ነገር አደረግሁ፤ ስሮትሉን ዘግቼ ኤለቬተሩን ቀስ በቀስ ሳብኩ። አፍንጫው ቀና አለ፣ አውሮፕላኑ የቆመ መሰለ፣ ከዚያ ግራ ክንፉ ወረደ። የዚያን ቀን ያየሁት ያው ነበር። ልዩነቱ ከሥሩ መቶ ሜትር አየር መኖሩ ብቻ ነው። ለቀቅኩት፣ ስሮትል ሰጠሁት፣ ተነሣ። ስምንት ጊዜ ደጋገምኩት። በአራተኛው ላይ መንቀጥቀጡ መቅረቱን ያወቅኩት አሰልጣኜ ማብሪያውን እጃቸው ላይ ይዘው ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ስለ ቡና ሲያወሩ ስሰማ ነው።

በሁለተኛው ባትሪ ራሴ አሳረፍኩ። ወደ ግራ ስታጠፍ ስሮትሉን ሲሶው ላይ አቆየሁት፤ ማጋደሉንም ቀነስኩ። ረጅም ሄዶ ከሜዳው ጫፍ ሣር ውስጥ ገባና ፕሮፔለሩ ተሰበረ። ኪሴ ውስጥ መለዋወጫ ነበረኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቀጥ ብዬ ስበር ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ከአደጋው በፊት ግን አይስብም ነበር። በክር ስለካው ግራና ቀኙ 4 ሚሊ ሜትር ይለያያል። በራደሩ ትሪም (በመቆጣጠሪያው ላይ ባለው ጥቃቅን ማስተካከያ) ላቃናው ወይስ ጅራቱን ፈትቼ እንደገና ላጣብቀው?

የጥንቱ መካኒክ፦

ፍታው። ደግሞ የቅዳሜውን ምዝግብ ላክልኝ፤ ስምንቱንም ማየት እፈልጋለሁ።